ፔዳል ድርደራ ለክሊን ሪትም ጊታር፦ የሥራ ማስታወሻ

እኔ የምጫወተው ሪትም ነው። ባንዳችን ውስጥ ድራም፣ ቤዝ፣ ኪቦርድ፣ ሳክስፎን፣ ማሲንቆና ድምፃዊ አሉ። ሶሎው የሳክስና የማሲንቆ ነው። የኔ ድርሻ ከሃይሃቱ ጋር ተጣብቆ መክተፍ ነው። አንድ ምሽት ላይ ችክችካ አለ፣ ሬጌ አለ፣ ዝግ ያለ ትዝታ አለ። ለሁሉም የምፈልገው ድምፅ ክሊን፣ ማለትም ያልሻከረ ነው።

ዲስቶርሽን (ሆን ተብሎ የሻከረ ድምፅ) ብዙ ጉድ ይሸፍናል። ክሊን ምንም አይሸፍንም። ገመዱ ቢንጫጫ ይሰማል፣ እጅ ቢዘገይ ይሰማል። ሪትም ላይ ደግሞ በምትና በምት መሃል ያለው ባዶ ቦታ የምቱን ያህል ይቆጠራል። እዚያ ባዶ ቦታ ላይ ጫጫታ ወይም የድምፅ ጭራ ከገባ ግሩቩ ይሞታል። ስለዚህ በዚህ ሥራ እያንዳንዱን ፔዳል (በጊታሩና በአምፑ መሃል ገብቶ ድምፁን የሚቀይር፣ በእግር የሚበራ ሳጥን) የምፈትነው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ባዶውን ቦታ ምን ያደርገዋል?

ቅዳሜ ጠዋት፦ ያለኝ ዕቃ

ወለሉ ላይ የዘረጋሁት ይኸው ነው። የስትራቶካስተር ቅርጽ ያለው ባለ ሦስት ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት የሚይዝ ጥቅል) ጊታር። ቦስ ቲዩ-3 ቱነር (መቃኛ)። ክራይ ቤቢ ዋዋ (በእግር ሲረገጥ ድምፁን «ዋ» የሚያሰኝ)። ቦስ ሲኤስ-3 ኮምፕረሰር (የምቶቹን መጠን የሚያቀራርብ)። ቦስ ጂኢ-7 ኢኳላይዘር (ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ ከፍ ዝቅ የሚያደርግ)። ቦስ ሲኤች-1 ኮረስ። ቦስ ዲዲ-3 ዲሌይ (ማስተጋቢያ)። አንድ ኦቨርድራይቭም (ድምፁን የሚያሻክር) ነበረ፤ እሱን ወደ ካርቶኑ መለስኩት። ሪቨርብ (የክፍል ማስተጋባት የሚሠራ) ፔዳል የለኝም፣ ልገዛም አላሰብኩም። ምክንያቱን መጨረሻ ላይ እመጣበታለሁ። አብዛኛው ሰከንድ ሃንድ ነው። በሰው ሻንጣ ከዱባይ የመጣ አለ፣ ከአገር ሊወጣ ከተነሳ ጊታሪስት የገዛሁት አለ።

ማንኛውም ፔዳል ከመሰካቱ በፊት ጊታሩን በቀጥታ አምፕ ላይ ሰካሁ። ባስ፣ ሚድልና ትሬብል መሃል ላይ፤ ጌይን (የመግቢያው ጉልበት) ዝቅ፤ ማስተር (ጠቅላላው ድምፅ) ክፍሉ እስኪሞላ። ከዚያ በደንብ ጠንከር አድርጌ እየመታሁ ድምፁ መሰንጠቅ የሚጀምርበትን ቦታ ፈለግኩና ከዚያ ትንሽ መለስ አልኩ። ይሄ ቦታ ካልታወቀ የቀረው ድካም ነው። ኮምፕረሰርም ኢኳላይዘርም ሲጨመሩ ድምፁን ከፍ የማድረግ ጠባይ አላቸው፣ አምፑ ደግሞ መተንፈሻ ይፈልጋል።

የጊታሩ ማርሽ (የፒክአፕ መምረጫው) አራተኛው ቦታ ላይ ነው፤ የመሃሉና የአንገቱ ፒክአፕ አብረው የሚሠሩበት። ለክትፎ ሪትም ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም። አንድ ተጨማሪ ጥቅምም አለው። በብዙ ዘመናዊ ጊታሮች ላይ የመሃሉ ፒክአፕ በተቃራኒ ስለሚጠመጠም፣ ሁለቱ ሲጣመሩ የመብራቱን የ50 ኸርዝ እምምታ ያጠፋሉ። ብቻውን የሚሠራ ሲንግል ኮይል (ባለ አንድ ጥቅል ፒክአፕ) ግን አምፖልም ቻርጀርም ያነባል።

ይህንን ቀጥታ ድምፅ በስልክ ቀዳሁት። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሁሉ የሚወዳደረው ከዚህ ቅጂ ጋር ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት፦ ገመዱ ድምፅ ይበላል

ስድስቱንም ፔዳል አያያዝኩና ሁሉንም አጥፍቼ ተጫወትኩ። ከጠዋቱ ቅጂ ጋር ሲተያይ ብዙ አልተለወጠም። ቱነሩን ከመስመሩ አውጥቼ ዋዋውን ፊት ሳደርገው ግን ከላይ ያለው ብርሃን ደበዘዘ።

ምክንያቱ የታወቀ ነው፦ ከፊት ጉልበት የሚሰጥ ነገር ከሌለ ዋዋውም ገመዱም ፒክአፑ ላይ ይጫናሉ። የጊታር ገመድ በአንድ ሜትር በግምት 100 ፒኮፋራድ ካፓሲታንስ (ኤሌክትሪክ የመያዝ ጠባይ) አለው። ስድስት ሜትር ከጊታር ወደ ፔዳል፣ ስድስት ሜትር ከፔዳል ወደ አምፕ፣ መሃል ላይ ደግሞ አጫጭሮቹ። መሃል ላይ ሲግናሉን የሚያጠነክር ነገር ከሌለ ሲደመር ከ1,200 ፒኮፋራድ ያልፋል። የጊታር ፒክአፕ አቅሙ ደካማ ስለሆነ ይህን ሁሉ መግፋት ሲያቅተው መጀመሪያ የሚሰዋው ቀጭኑን ድምፅ ነው። የክትፎ ሪትም ሕይወት ያለው ደግሞ እዚያ ቀጭኑ ላይ ነው።

ቲዩ-3 ጠፍቶም ቢሆን በውስጡ በፈር አለ። ከጊታሩ የሚመጣውን ደካማ ሲግናል ተቀብሎ በጉልበት ይልከዋል። ከእሱ በኋላ ያለው ገመድ ቢረዝምም ብዙ አይጎዳም። ስለዚህ ቱነሩ አንደኛ ይሆናል፤ ይህ ተዘጋ። «ትሩ ባይፓስ (ሲጠፋ ሲግናሉን ሳይነካ በቀጥታ የሚያሳልፍ) ካልሆነ አልነካም» የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። ሁለት ፔዳል ላለው ሰው እውነት ሊሆን ይችላል። ስድስት ፔዳልና ረጅም ገመድ ለሚያሰልፍ ሰው ግን አንድ ጥሩ በፈር ፊት ላይ መኖሩ ይሻላል።

እሑድ፦ ዋዋና ኮምፕረሰር፣ ማን ይቅደም?

ይሄኛው ቀኑን ሙሉ ነው የፈጀው።

ዋዋን ለምን ክሊን ሪትም ውስጥ አስገባህ የሚል ይኖራል። የኛን አሮጌ ሸክላዎች መስማት ነው። በኛ አቆጣጠር በ1960ዎቹ ከተቀዱት ብዙዎቹ ላይ የሪትም ጊታሩ በዋዋ ነው የሚያወራው። ፔዳሉ በፈረንጆቹ 1967 ገበያ ላይ ከወጣ ብዙም ሳይቆይ አዲስ አበባ ደርሷል ማለት ነው። አምሃ እሸቴ የሸክላ አሳታሚውን አምሃ ሪከርድስን የጀመረው በፈረንጆቹ 1969 ነውና ዘመኑ ገጥሞለታል። እኛም የምንጫወታቸው የድሮ ዘፈኖች ያለዚያ ድምፅ ባዶ ይሆናሉ።

የመጀመሪያው ሙከራ፦ ኮምፕረሰር ቀድሞ፣ ዋዋ ተከትሎ። እዚህ ዋዋው የሚቀበለው የተስተካከለ ድምፅ ነው፤ ማጠፉ ሰፊ፣ አፉ ትልቅ ይሆናል። ለሶሎ የሚያምር ነገር ነው። እግሬን እስከ ጫፍ ስረግጠው ግን ጆሮ የሚወጋ ጫፍ ይወጣል። በታፈነ ክር «ዋካ ዋካ» ስል አንዱ «ዋ» ከሌላው በጣም ይጮሃል።

ሁለተኛው፦ ዋዋ ቀድሞ፣ ኮምፕረሰር ተከትሎ። ያ የሚወጋው ጫፍ ተጨፈለቀ። ማጠፉ ትንሽ ጠበበ፣ ግን ሁሉም ምት እኩል መጠን ያዘ። ከሃይሃቱ ጋር ልክ ቁጭ አለ። ሶሎ ብጫወት የመጀመሪያውን እመርጥ ነበር። ሪትም ስለሆነ ሁለተኛውን ወሰድኩ።

አሁን ኮምፕረሰሩ ራሱ። ሲኤስ-3 አራት ቁልፍ አለው፦ ሌቭል፣ ቶን፣ አታክ፣ ሰስቴይን። ቦታቸውን በሰዓት አቀማመጥ እጽፋለሁ፤ ሰዓቱ የፈረንጅ ነው፣ ግራ 9፣ አናት 12፣ ቀኝ 3።

ሰስቴይን ዋናው ፈታኝ ነው። ወደ 3 ስወስደው ሁሉም ነገር ለስላሳና ወፍራም ሆነ። ቤት ውስጥ ብቻዬን ስሰማው ደስ ይላል። ግን እጄን ከክሩ ሳነሳ ያ ባዶ ቦታ በ«ሽሽሽ» ሞላ። ኮምፕረሰር ሥራው ትልቁን ማሳነስና ትንሹን ማሳደግ ነው። ከተጫወትኩት ነገር ሁሉ ትንሹ ደግሞ ጸጥታው ነው፤ እሱንም ያሳድገዋል። ከፊቱ ያለውን ጫጫታ ሁሉ አብሮ ያወጣል። ይህ የማንም ብራንድ ጥፋት አይደለም፣ የኮምፕረሰር ተፈጥሮ ነው።

ሰስቴይንን ወደ 10 ሰዓት ግድም መለስኩት። አታክ ወደ 2፤ ወደ ቀኝ ሲዞር የፒኩ «ጫ» ሳይታፈን ይወጣል። ቶን 12 ላይ። ሌቭሉን ፔዳሉ ሲበራና ሲጠፋ ድምፁ እኩል እስኪሆን አስተካከልኩ። ይህን የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ጆሮ ከፍ ያለውን ድምፅ «የተሻለ» ይለዋል። እኩል ካልተደረገ የምንፈርደው በጥራት ሳይሆን በጩኸት ነው። ከዚህ በኋላ ለሚመጡት ሁሉ ይህንኑ አደርጋለሁ።

ሰኞ ማታ፦ ፉጨት

ዲሌዩን ስሰካ ከኋላ «ዚዪዪ» የሚል ቀጭን ፉጨት መጣ። እምምታ አይደለም። የመብራት እምምታ ወፍራም ነው፤ ይሄ እንደ ትንኝ ነው።

የኃይል ምንጬ አንድ ባለ 9 ቮልት አዳፕተር ነበር፤ ከእሱ በሚወጣ ባለ ብዙ አፍ ገመድ ሁሉም ፔዳል ይመገባል። የአዳፕተሩ ሚሊአምፒር በቂ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደናገራል፦ አዳፕተሩ ላይ የተጻፈው ሚሊአምፒር ከፔዳሎቹ ድምር ቢበልጥ ምንም አይደለም፣ ፔዳሉ የሚስበው የሚፈልገውን ያህል ብቻ ነው። ቮልቱ ግን 9 መሆን አለበት፣ የመሰኪያው መሃል ደግሞ ኔጌቲቭ። ለኪቦርድ የመጣ አዳፕተር ጫፉ ገባልኝ ብሎ ፔዳል ላይ መሰካት ፔዳል ማቃጠል ነው።

ምርመራው ቀላል ነው። ዲሌዩን ብቻ ከገመዱ ነቅዬ ባለ 9 ቮልት ባትሪ ድንጋይ አስገባሁለት። ፉጨቱ በአንድ ጊዜ ጠፋ። ነገሩ ግልጽ ሆነ። ዲጂታል ፔዳል ውስጥ በጣም በፍጥነት የሚመታ ሰዓት አለ። የእሱ ትርፍራፊ በጋራው የኃይል ገመድ ተመልሶ ወደ ሌሎቹ ይገባል፣ ኮምፕረሰሩ ደግሞ እንዳየነው ያገኘውን ሁሉ ያሳድጋል።

ዲጂታል ፔዳል ድንጋይ ስለሚጨርስ በድንጋይ መቀጠል አያዋጣም። ለዲሌዩ የራሱን አዳፕተር ሰጠሁት፣ የቀሩት በጋራው ገመድ ቀሩ። ሁለቱም አዳፕተሮች ከአምፑ ጋር አንድ ዲቫይደር ላይ ናቸው። ሶኬቶቹን በተለያየ ግድግዳ ላይ መበተን ሌላ እምምታ ይጠራል።

ረቡዕ፦ ኢኳላይዘር

አጭር ነው። ጂኢ-7 ሰባት መንሸራተቻ አለው፦ 100፣ 200፣ 400፣ 800፣ 1.6ሺህ፣ 3.2ሺህ፣ 6.4ሺህ ኸርዝ። እያንዳንዱ 15 ዴሲቤል ወደ ላይም ወደ ታችም ይሄዳል። ይህን ያህል መሄድ ግን አያስፈልግም።

100ን በደንብ አወረድኩ፤ እዚያ ቤዝና ከበሮው አሉ፣ እኔ እዚያ ምን አደርጋለሁ? 200 እና 400ን ትንሽ ቀነስኩ። ኪቦርዳችን በግራ እጁ የሚኖረው እዚያ ነው፣ ሁለታችን ከተገናኘን ይጨቀያል። 3.2ሺህን በጣም ጥቂት ከፍ። 6.4ሺህን አልነካሁም፣ «ሽሽሽ» የሚኖረው እዚያ ነው። ብቻዬን ስሰማው ቀጭን ነው፣ እንዲያውም የተራበ ይመስላል። ባንዱ ውስጥ ግን ይሰማል። ብቻውን የሚያምር የሪትም ጊታር ድምፅ ብዙ ጊዜ ባንድ ውስጥ ይጠፋል።

ቦታው ከኮምፕረሰሩ በኋላ ነው። ከፊት ቢሆን ከፍ ያደረግኩትን ኮምፕረሰሩ መልሶ ይጫነው ነበር፤ አንዱ ሲሰጥ ሌላው ሲነጥቅ ማለት ነው።

ሐሙስ፦ ኮረስ፣ በጥቂቱ

ኮረስ የተወለደው አምፕ ውስጥ ነው። ሮላንድ በፈረንጆቹ 1975 ባወጣው ጄሲ-120 አምፕ ውስጥ ነበረ። በሚቀጥለው ዓመት ያንን ሰርኪዩት ለብቻው አውጥተው ሲኢ-1 የተባለውን የቦስ ፔዳል ሠሩት። ያ አምፕ እስከ ዛሬ የክሊን ድምፅ መለኪያ ነው።

የሚሠራው እንዲህ ነው፦ ድምፁን ይቀዳል፣ ቅጂውን ለአፍታ ያዘገየዋል፣ ያንን መዘግየት ወዲያ ወዲህ ያወዛውዘዋል። ሲወዛወዝ የቅጂው ቅኝት ከፍ ዝቅ ይላል። ከዋናው ጋር ሲደባለቅ ሁለት ጊታር ይመስላል። ችግሩም ይኸው ነው። ባንዳችን ውስጥ ማሲንቆ አለ። ማሲንቆው ድምፁን እያንሸራተተ ነው የሚጫወተው፣ ድምፃዊቷም እንደዚያው። እኔ ከታች ሌላ የሚዋዥቅ ቅኝት ካነጠፍኩ ሦስታችንም የምንቆምበት መሬት እናጣለን።

ስለዚህ ሬት (የመወዛወዙ ፍጥነት) 9 ላይ፣ ዴፕዝ (ጥልቀቱ) 10 ላይ፣ ኢፌክት ሌቭል (የቅጂው መጠን) ከ12 በታች። ኢኪው የሚለውን ቁልፍ ወደ ብሩህ ጎን ጥቂት ገፋሁት። ኮረሱ መኖሩ የሚታወቀው ሲጠፋ ነው፤ ልኩ ያ ነው። ማሲንቆው ሶሎ ሲይዝ አጠፋዋለሁ። ለሬጌም አጠፋዋለሁ፣ እዚያ ምቱ አጭርና ደረቅ ካልሆነ ሬጌ አይሆንም። የሚበራው ለዝግታ ትዝታና በፈረንጆቹ አቆጣጠር ለአንዳንድ የ1980ዎቹ ዘፈን ነው፤ ያ ዘመን ያለ ኮረስ አይታሰብም።

ሌላ ነገር፦ ሲኤች-1 ሁለት መውጫ አለው። አንድ አምፕ ብቻ ካለ ሞኖ በሚለው በኩል ነው የሚወጣው።

ቅዳሜ፦ ዲሌይን ከችክችካ ጋር ማስታረቅ

ሥራው ሁሉ እዚህ ደረሰ።

ስለ ጊታር ዲሌይ የሚጻፈው ምክር አብዛኛው ለ4/4 ነው። ታዋቂው ዘዴ ዶትድ ኤይትዝ የሚባለው ነው፤ የምቱን ሦስት አራተኛ ወስዶ ዲሌዩን እዚያ ማስቀመጥ። እግርህ በደቂቃ 120 ከመታ አንዱ ምት 500 ሚሊሰከንድ ነው፣ ሦስት አራተኛው 375። በ4/4 ያምራል። ችክችካ ግን 6/8 ነው። አንዱ የእግር ምት የሚከፈለው ለሁለትና ለአራት ሳይሆን ለሦስት ነው። 500 ለሦስት ሲካፈል እያንዳንዱ ቁራሽ 167 ግድም ይሆናል። 375 ከእነዚህ ቁራሾች በአንዱም ላይ አያርፍም፤ ሁለቱን አልፎ ከሦስተኛው በፊት ይወድቃል። ማስተጋባቱ ሁልጊዜ አንካሳ ይሆናል ማለት ነው።

ለችክችካ የሚሆኑት ሁለት ናቸው፦ 167 ወይም 333። አንድ ቁራሽ ወይም ሁለት ቁራሽ።

167ን ሞከርኩ። በጣም ይቀርባል፣ ምቱን ያደበዝዘዋል። 333 ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ ዙር ስድስት ቁራሽ አለው፣ ከአንድ እስከ ስድስት እንቁጠረው። እኔ አንድና አራት ላይ ብቻ ብመታ ማስተጋባቱ ሦስትና ስድስት ላይ ይወድቃል። የሚሰማው አንድ፣ ሦስት፣ አራት፣ ስድስት ነው፤ ረጅም አጭር፣ ረጅም አጭር። ይህ የከበሮው የራሱ አረማመድ ነው! እጄ ግማሹን ይመታል፣ ፔዳሉ ግማሹን ይሞላል። ልብ መባል ያለበት፣ ይህ የሚሠራው እጅ ሲቆጠብ ነው። ስድስቱንም ቁራሽ እየከተፍኩ ዲሌይ ካበራሁ አንድም ባዶ ቦታ አይተርፍም።

ዲዲ-3 በእግር ቴምፖ የሚቀበል ቁልፍ የለውም። ሞዱን ከ200 እስከ 800 ሚሊሰከንድ የሚሄደው ላይ አድርጌ ዲ.ታይም የሚለውን በእጅ ነው የማዞረው። ቁልፉ ላይ 333 የሚል ጽሑፍ የለም። ዘዴው ይኸውና፦ የስልኬን ሜትሮኖም የዘፈኑን ፍጥነት አንድ ተኩል ጊዜ አባዝቼ አስቀምጣለሁ። ለ120 ዘፈን 180 ማለት ነው። 180 ላይ አንዱ ምት ልክ 333 ሚሊሰከንድ ነው። ከዚያ ፊድባክን (የድግግሞሹን ብዛት) ከፍ አድርጌ አንድ ታፍኖ የተመታ ክር እለቅና የማስተጋባቱ ሰልፍ ከሜትሮኖሙ ጋር አብሮ እስኪሄድ ቁልፉን በፀጉር ስፋት አዞራለሁ። ሲገጥም በቁልፉ ዙሪያ በነጭ ቴፕ ምልክት አደርጋለሁ። አሁን ሦስት ምልክት አለ፤ ለሦስት ዓይነት ፍጥነት።

ከገጠመ በኋላ ፊድባኩን እስከ ታች አወረድኩት። አንድ ጊዜ ብቻ ይደግማል። ኢፌክት ሌቭሉ 10 ሰዓት ላይ፤ ማስተጋባቱ ከዋናው ምት በግልጽ ያንሳል።

እሑድ፦ ልምምድ ላይ

ባንዱ ሁሉ ተሰብስቦ የመጀመሪያውን ችክችካ ጀመርን። ጅማሬው ላይ ዲሌዩ አማረ፣ ኪቦርዱ ዞር ብሎ «ሁለተኛ ጊታሪስት ቀጠርክ እንዴ?» አለኝ። ወደ መጨረሻው፣ እስክስታው ሲግል፣ ድራመሩ እንደ ልማዱ ሮጠ። ዘፈኑ እንዳለቀ ሳክስፎን የሚጫወቱት ጋሼ መሣሪያቸውን አወረዱና «ልጄ፣ ጊታርህ ደህና ነው፤ ከኋላ የሚከተለው ሰውዬ ግን ሰዓት የለውም» አሉ። ሁሉም ሳቀ።

ሂሳቡን እዚያው ሠራሁት። ከ120 ወደ 126 ብንፈጥን ትክክለኛው ዲሌይ 333 መሆኑ ይቀርና 317 ይሆናል። የ16 ሚሊሰከንድ ልዩነት ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ሲደግም ጆሮ ሊታገሰው ይችላል። ሁለተኛው ድግግሞሽ 32፣ ሦስተኛው 48 ይሆናል፣ ያ ግን ጥፋት ነው። ፊድባኩን መቀነሴ ለካ ለሌላም ነገር ጠቅሟል። ደግሞም እኛ ሠርግ ቤት የምንጫወተው ዘፈን በጀመረበት ፍጥነት አልቆ አያውቅም። ድራመሩን ሜትሮኖም እንዲሰማ መጠየቅ የእስክስታውን ነፍስ ማውጣት ስለሚሆን ሕጉ ይህ ሆነ፦ ዲሌዩ ለመግቢያውና ለመጀመሪያው ግጥም ይበራል፣ ጭፈራው ሲነሳ ይጠፋል። ጋሼም ተስማሙ።

ሁለተኛው ጉዳይ ቅኝት ነው። በትዝታ ሜጀር ዲሌይ ምንም አይል። ከሲ ብንነሳ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው፤ ውስጡ ግማሽ ድምፅ የለም። አንዱ ኖታ በሌላው ማስተጋባት ላይ ቢደረብ አይጋጭም። አንቺሆዬ ላይ ግን ሌላ ነው። ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ። ሲና ዲ ፍላት ግማሽ ድምፅ ነው የሚለያዩት፣ ኤፍና ጂ ፍላትም እንደዚሁ። ከዲ ፍላት ወደ ሲ ስወርድ ያለፈው ዲ ፍላት በማስተጋባት ተመልሶ መጥቶ ሲው ላይ ይቀመጣል። ድምፃዊቷ በመጀመሪያው ዙር ፊቷን አጨማደደች። አምባሰልም ግማሽ ድምፅ አለው፣ ባቲ ሜጀርም አለው።

እነዚህ ላይ ዲሌይ የማበራው አንድ ቦታ ቆሜ ሁለት ሦስት ክር ስደጋግም ብቻ ነው። ዜማውን ተከትዬ ስንቀሳቀስ አጠፋለሁ። በዘፈን ዝርዝሩ ወረቀት ላይ ከእያንዳንዱ ዘፈን ጎን ቅኝቱንና የዲሌዩን ቴፕ ምልክት ጻፍኩ።

ማክሰኞ፦ ጣውላው

የቦስ ፔዳል 7.3 ሴንቲሜትር ይሰፋል። አምስቱ 36.5 ይሆናሉ። ዋዋው 10 ግድም ነው። በመሃል ላሉት መሰኪያዎች ለእያንዳንዱ 2.5 ብሰጥ 12.5 ይጨመራል። 59 መጣ። ሰፈር ያለው አናጢ 65 በ30 የሆነ ኮምፔንሳቶ ቆረጠልኝ፣ ከኋላ በኩል ከፍ እንዲል ሁለት እግር መታበት። ከሥሩ አዳፕተሮቹ ይገባሉ። መርካቶ በሜትር የሚሸጠውን ቬልክሮ ጣውላው ላይም ፔዳሎቹ ሥርም ለጠፍኩ።

ፔዳል በቀኝ ተቀብሎ በግራ ነው የሚያስወጣው። ስለዚህ ሰልፉ ከቀኝ ወደ ግራ ይነበባል፦ ቱነር፣ ዋዋ፣ ኮምፕረሰር፣ ኢኳላይዘር፣ ኮረስ፣ ዲሌይ። ዋዋው በቀኝ እግሬ ሥር ሆነ፣ ዲሌዩና ኮረሱ በግራ። ሁልጊዜ የሚበሩት ሁለቱ መሃል ላይ ተቀመጡ፤ እነሱን እግር ባይደርስባቸውም ግድ የለም። ኮረሱ ከዲሌዩ የቀደመው፣ ማስተጋባቱ የኮረሱን ቀለም ይዞ እንዲደገም ነው። ገልብጬም ሞክሬዋለሁ፤ ያኔ ኮረሱ ዋናውንም ማስተጋባቱንም አንድ ላይ አወዛወዘና ነገሩ ታጠበ።

የኃይል ገመዶቹን በጣውላው በአንድ ወገን፣ የድምፅ ገመዶቹን በሌላው ወገን አስኬድኩ። መገናኘት ካለባቸው በመስቀል ይሻገራሉ እንጂ ጎን ለጎን አይሄዱም።

ዓርብ፦ ሳውንድ ቼክ

ቤቱ መካከለኛ ነው። ጣሪያው ኮንክሪት፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ ሁለት ሞንታርቦ በግራና ቀኝ። ጭብጨባ ብቻውን እንኳ አንድ ሰከንድ ያህል ይጮሃል። ሪቨርብ ፔዳል የማልገዛው ለዚህ ነው። የምንጫወትባቸው ቤቶች ራሳቸው ሪቨርብ ናቸው። ሳውንድማኑም «ድርቁን ላክልኝ፣ ካስፈለገ እኔ ከሚክሰሩ እጨምርልሃለሁ» አለ። አላስፈለገም። ያ ሁሉ ማስተጋባት ስላለ የዲሌዩን ሌቭል ከ10 ወደ 9 አወረድኩት።

ኢኳላይዘሩ ላይ 3.2ሺህን ወደ ዜሮ መለስኩ፤ በሞንታርቦው በኩል ጊታሩ ከድምፃዊቷ «ሰ» እና «ሸ» ጋር ይጋፋ ነበር። 100ን ደግሞ ይበልጥ አወረድኩ። ኮምፕረሰሩን አልነካሁትም።

መሃል ላይ መብራት ሄዶ ጄኔሬተር ተነሳ። ኃይል ሲቋረጥና ሲመለስ ፔዳሎቹ «ጧ» ይላሉ፣ ያ በሞንታርቦ በኩል ሲወጣ ያስደነግጣል። ቲዩ-3 ሲበራ ድምፅ ይዘጋል፤ ግን ኃይል ከሌለው ምንም አያደርግም። ስለዚህ መብራት ሲሄድ መጀመሪያ የማደርገው የጊታሩን ሳይሆን የአምፑን ድምፅ ማውረድ ነው፣ የምከፍተውም ሁሉም ፔዳል መብራቱን ካሳየ በኋላ። ሳውንድማኑም ቻናሌን እንዲዘጋልኝ በእጅ ምልክት ተስማምተናል።

ጄኔሬተሩ ላይ ትንሽ እምምታ ተሰማ። ጊታሩን አራተኛው ቦታ ላይ ስመልሰው ጠፋ።

ቦርሳው ውስጥ አንድ ትርፍ አጭር ገመድ፣ አንድ የዲሌይ ድንጋይና ነጭ ቴፕ አለ። ድንጋዩን ፔዳሉ ውስጥ አላስቀምጠውም፣ ገመድ ተሰክቶ ካደረ ያልቃልና። የቀረኝ እያንዳንዱ መውጫው የተለየ የኃይል ሳጥን ነው። ከውጭ የሚመጣ ሰው አግኝቼ አዝዣለሁ። እስከዚያ በሁለቱ አዳፕተር እንጫወታለን።